ሽማግሌ ወደ ሃል

እንግሊዝ አገር ሃል የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ስለ እሷ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ኦሃዮ ውስጥ ካለ ይምጣና እንነጋገር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆንም አያሳፍረኝም።

የምኖርባት ኮሎምበስ በመርከበኛ ስም ትጠራለች እንጂ መርከበኛውም ባሕሩም እዚህ ደርሰው አያውቁም። ባሕር ለማየት ቀኑን ሙሉ መንዳት ነው። እኔ ባሕር ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነው፤ እሱንም ደመና ሸፍኖት ነበር። ታዲያ ምን ይሁን? ገነትንስ አይቶ የሚሰብክ አለ?

የምሠራው ሰዎች በኦንላይን ገዝተው የመለሱትን ዕቃ በሚቀበል ዌርሃውስ ውስጥ ነው። ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት አንድ ውሃ የነካው ወፍራም መጽሐፍ ተመልሶ መጣ፤ የሃል ዶኮች ታሪክ፣ ሁለተኛ ቅጽ። ሱፐርቫይዘሬ ትራሽ አድርጊው አለኝ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት። እንግሊዝኛ የተማርኩት በእሱ ነው። ሌላው ሰው ከፊልም ሲማር እኔ ከዓሣ ነባሪ አዳኞች ተማርኩ፤ ለዚህ ነው ፎርክሊፍት የሚነዳውን ልጅ ዛሬም "ውሃው ሳይሸሽ ጭነትህን አራግፍ" የምለው። አንደኛውን ቅጽ አግኝቼው አላውቅም። ስለዚህ ለእኔ ሃል የተፈጠረችው ሁለተኛው ቅጽ በሚጀምርበት፣ የመጀመሪያው ዶክ በተከፈተበት፣ በፈረንጆቹ 1778 ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው የሚጠይቀኝ ሰው ነገረኛ ነው።

ዶክ ማለት መርከብ ገብቶ የሚያርፍበት፣ በሰው እጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ግራና ቀኙ በድንጋይ የተገነባ። የሃል የመጀመሪያው ዶክ በ1930ዎቹ በአፈር ተሞልቶ ዛሬ የአትክልት ስፍራ ሆኗል። ሰዎች መርከብ ይንሳፈፍበት በነበረው ቦታ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሳንድዊች ይበላሉ። ይህን ሳስብ ልቤ ይሰነጠቃል፤ ሌላው ሰው ግን አይገባውም።

ችግሬ ይሄው ነበር። ሊንደን በሚባለው ሰፈር ቤዝመንታቸውን ያከራዩኝ እትዬ መዓዛ ስለ ዶኩ ስነግራቸው "ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ ልጅ" ይሉኛል። ሆስፒታል የምታስተረጉመው ጓደኛዬ ደራርቱ "ዋው" ብላ ስልኳን ታያለች። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ቢሩክ የሚባል ልጅ ደግሞ ሜጀርሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሜጀሬ ሃል ናት አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ጎዳና ይሄዳል። ጎበዝ የሚባለው ሕፃን ነው። እኔ የምፈልገው ተሳስተሻል የሚለኝን ሰው ነበር። ተሳስተሻል ያለ ሰው፣ ቢያንስ አዳምጧል።

ያን ሰው ያገኘሁት በኢንተርኔት ነው። ሚስተር ኦክስቶቢ ይባላል፤ ሰማንያ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ የሃል የድሮ ዶኮች ወዳጆች የሚባል ትንሽ ማኅበር ሰብሳቢ። በማኅበሩ ገጽ ላይ የመጀመሪያ ጽሑፌን በለጠፍኩ ዕለት "ይህ ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም" ብሎ ጀምሮ ሦስት ገጽ መለሰልኝ። ዌርሃውስ ውስጥ ብሬክ ላይ ሆኜ አንብቤው ሳንድዊቼን ረሳሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የተከበርኩበት ቀን የለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ኖርን። እሱ ሲተኛ እኔ እነሣለሁ፤ እኔ ስተኛ እሱ ይጽፋል።

ማኅበሩ ያን የተሞላውን ዶክ፣ ዓሣ ነባሪ አዳኞቹ በነበሩበት ዘመን እንደነበረው፣ ከእንጨት አሳንሶ እየሠራ ነበር። ሞዴሉ ለሕዝብ ይታያል፤ ከሥሩ የረዱት ሰዎች ስም ይጻፋል፤ የእኔም ስም እንደሚኖር ሚስተር ኦክስቶቢ ቃል ገብቶልኛል። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የቀረው አንድ የብረት ችካል ብቻ ነበር፤ መርከብ ሲገባ ገመዱ የሚታሰርበት።

ችካሉ ያለው በአንድ ስሙ ባልታወቀ ሰው ሥዕል ላይ ነው። አንድ ሰውዬ ችካሉን ተደግፎ ቆሟል፤ ከኋላው የጢስ ማውጫ ይታያል፤ እግሩ ሥር የሆነ ነገር ተኝቷል። እኔ ውሻ ነው አልኩ። ውሻ ከሆነ ደግሞ ችካሉ በሰሜኑ ዳር ነው፤ ምክንያቱም በደቡቡ ዳር ረጃጅም መጋዘኖች ስለነበሩ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፤ ውሻ ደግሞ፣ ያውም የሃል ውሻ፣ ፀሐይ እያለለት ጥላ ውስጥ አይተኛም። ሚስተር ኦክስቶቢ ውሻ ሳይሆን የተጠቀለለ ገመድ ነው አለ። ገመድ ፀሐይ አይመርጥም፤ ስለዚህ ደቡብ። እኔ የገመድ ጆሮ አይቼ አላውቅም አልኩ። እሱ የመርከብ ገመድ አይቼ እንደማላውቅ አስታወሰኝ። ይህ ነካኝ። እኔም ሳልተኛ ባደርኩበት በአንዱ ማለዳ፣ አባል ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ "የእርስዎም ዓይን እንደ ዶክዎ በአፈር ተሞልቷል" ብዬ ጻፍኩ።

ብሎክ አደረገኝ።

ሰው ሲሞት እንጀራ ይዘው ይመጡልሃል። ብሎክ ስትደረግ ማንም አይመጣም። ሥራ እሄዳለሁ፣ የተመለሰ ጫማ እቀበላለሁ፣ በክሊቭላንድ አቬኑ ባስ እመለሳለሁ፣ ስልኬን ከፍቼ ባዶውን ገጽ አያለሁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ እትዬ መዓዛ ምግብ የማልበላው ወንድ ከድቶኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። የተጣላሁት ሃል ካለ ሽማግሌ ጋር ነው አልኳቸው። ምን አልሽው ሲሉኝ ቃል በቃል ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ሰማንያ ዓመት የሞላውን ሰው ዓይንህን አፈር ይሙላው አልሽው?"

"ይሙላው አላልኩም። ተሞልቷል ነው ያልኩት።"

"ጭራሽ!"

ዶኩም፣ ውሻውም፣ ገመዱም ለእሳቸው ምንም አልነበሩም። የታያቸው እሳቸው ቤት የምትኖር ልጅ አንድን ሽማግሌ በቁሙ መቅበሯ ነው። በማግስቱ ጉዳዩ እድር ደረሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት የእትዬ መዓዛ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎች ተሰየሙ፤ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ካሳሁን፣ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን የሚነዱ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ጋሼ አብዱረዛቅ፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በትራክ የለኳት። ሽማግሌ ሦስት መሆን ስላለበት ሦስተኛዋ እትዬ መዓዛ ራሳቸው ሆኑ። ተከራይዋ እኔ ስለሆንኩ አያዳሉም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አዳላለሁ፣ ግን ለእሱ ነው አሉኝ።

ሚስተር ኦክስቶቢን ኢሜይል ያደረገችለት ደራርቱ ናት። ስሜን ጠርታ፣ የሰሎሜ ሽማግሌዎች ሊያነጋግሩዎ ይፈልጋሉ ብላ ነው የጻፈችው። እሱ ክስ መስሎት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ በዙም ብቅ አለ። ከኋላው ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ውሃ፣ ግራና ቀኝ ዳር፣ የጣት ጥፍር የሚያክሉ በርሜሎች። በጽሑፍ እንጂ በመልክ አይቼው አላውቅም ነበር። ጆሮው ትልልቅ ነው።

ደራርቱ በሆስፒታል ልማዷ ስሙንና የልደት ቀኑን አስነግራ፣ የሚነገረው ሁሉ በምስጢር እንደሚጠበቅ አሳወቀችው። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። ጋሼ ካሳሁን ጤናውን፣ አየሩን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ጠየቁ። ባለቤቱ ጋ ሲደርሱ ሰውዬው ካረፈች አራት ዓመት እንደሆናት ተናገረ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ከሶፋው ተነሡ። እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እኔም ቆምኩ። እትዬ መዓዛ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች፣ ሕመሙ ምን እንደነበር፣ ማን እንደቀበራት ጠየቁ። ሰውዬው በመጀመሪያ በአጭር መለሰ፤ ቀጥሎ ረዘም አደረገ፤ በመጨረሻ ሌላ ክፍል ገብቶ ፎቶዋን ይዞ መጣ። ከክሱ ይልቅ ይህ የገረመው ይመስለኛል። የማኅበሩ አባላት አንድም ቀን ዓረፍተ ነገር እንዳላስጨረሱት፣ እነዚህ ሰዎች ግን ምንም ሳያቋርጡት እንደሰሙት ለደራርቱ ነገራት። ደራርቱም እሷ አስተርጓሚ ብቻ እንደሆነችና ለእሷ ሳይሆን ለእነሱ መናገር እንዳለበት አሳሰበችው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ጋሼ አብዱረዛቅ ከግንባታ ዕቃ መሸጫ የገዙትን የአትክልት ድንጋይ፣ የዋጋ ወረቀቱ እንደተለጠፈበት፣ አምጥተው አንገቴ ላይ ጫኑት። ጎንበስ ብዬ ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። እኔ ሰሎሜ፣ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ከእኔ በላይ ስለ ዶክ የማያውቅ ሰው ፊት። ሚስተር ኦክስቶቢ ደንግጦ ልጅቷ ላይ ምን እየተደረገ ነው ብሎ ጠየቀ። ጥፋተኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ይሸከማል ተባለ። ፊቱን ወደ ካሜራው አስጠጋ።

"የምን ድንጋይ ነው? ባዶ መርከብ እንዳይገለበጥ ሆዱ ውስጥ ከሚጫነው ዓይነት ይመስላል።"

አንገቴን እንደደፋሁ፣ ለዚያ ይቀላል፣ ይህ አሸዋማ ነው፣ ባሕር ላይ ይፈረፈራል አልኩት። አይፈረፈርም ሊል አፉን ከፈተ። እኔም ልቤ ዘለለ። ጋሼ ካሳሁን ግን ሁለታችንንም ዝም አሰኙ፤ ሌላ ጠብ ሳይጨመር የመጀመሪያው ይለቅ ብለው። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባለ፣ ይቅር ለአላህ ተባለ፤ ሚስተር ኦክስቶቢ ለሁለቱም ይቅር ብያለሁ አለ። ድንጋዩ ወረደልኝ።

ቀሪው ችካሉ ነበር። ሥዕሉ ስክሪን ላይ ወጣ። እኔ ስለ ውሻው ሦስት ገጽ ጽፌ ይዣለሁ፤ ስለ መጋዘኖቹ ቁመት፣ ስለ ጥላው ርዝመት፣ ስለ ጆሮው። ሚስተር ኦክስቶቢም የራሱን ወረቀት አነሣ። ጋሼ አብዱረዛቅ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ካዩ በኋላ፣ ይቺማ በግ ናት አሉ። ጋሼ ካሳሁን ግን ማናችንንም ማድመጥ አልፈለጉም።

"ማን ልክ ነው አንልም" አሉ። "ማን ልክ እንደሆነ የሚያውቅ ከላይ ነው። እኛ ልናስታርቅ ነው የመጣነው። አንቺ ሰሜን አልሽ፣ እሳቸው ደቡብ አሉ። ችካሉ መሃል ላይ ይቁም።"

ደራርቱ አስተረጎመች። እኔና ሚስተር ኦክስቶቢ እኩል፣ በአንድ ቋንቋ፣ "መሃሉ ውሃ ነው" አልን።

ጋሼ ካሳሁን አልደነገጡም። ዶኩ አሁን ውሃ አለው ወይ ብለው ጠየቁ። የለውም፣ በአፈር ተሞልቷል አልን። እንግዲያው ምን ቸገራችሁ አሉ። ሚስተር ኦክስቶቢ ሞዴሉ የድሮውን ዘመን እንደሚያሳይ፣ በዚያ ዘመን መሃሉ ላይ መርከብ ይንሳፈፍ እንደነበር፣ ችካል ውሃ ላይ እንደማይተከል በትሕትና አስረዳ። እሳቸውም በትሕትና ሰምተው፣ ዕርቅ ያለ መስዋዕትነት አይሆንም፣ እሱም ከውሃው ትንሽ ይተው፣ እሷም ከውሻዋ ትንሽ ትተው አሉ። ይግባኝ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። የሽማግሌ ቃል ይግባኝ የለውም፤ የሚረግጠው ካለ እድሩ ያውቀዋል ተባለ። እድር ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ደራርቱ የሚቀብሩህ ሰዎች ናቸው ብላ ተረጎመች። ሚስተር ኦክስቶቢ ሙጫውን አነሣ።

የክብሪት ጫፍ የምታክለውን ችካል በወረንጦ ይዞ በሰማያዊው ውሃ መሃል አንዣበባት። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ ስሜ ነው። ከሞዴሉ ሥር ተጽፏል፤ የሃል ልጆች መጥተው ውሃ መሃል የቆመውን የመርከብ ማሰሪያ አይተው ይስቃሉ፤ ከሥሩ ሰሎሜ የሚለውን ያነባሉ። ሽማግሌ ብረግጥ ቤዝመንቱንም እድሩንም አጣለሁ፤ ባልረግጥ ውሸት ላይ ስሜ ይኖራል። በዚህ መሃል አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ደቡቡ ዳር ስህተት ነው፤ ግን ቢያንስ ዳር ነው።

"ደቡብ ላይ ይለጥፉት" አልኩ። "ልክ ነዎት። ገመድ ነው።"

ወረንጦው ቆመ። "አይሆንም" አለ ሚስተር ኦክስቶቢ። "እኔ አሁን ሰሜን ልል ነበር። ውሻ ነው።"

ገመድ ነው አልኩ። በፍጹም፣ ጆሮው ይታያል አለ። ጥቅልል ነው እንጂ ጆሮ አይደለም አልኩ። የሃል ውሻ ጥላ ውስጥ አይተኛም አለኝ፣ በራሴ ቃል። ጋሼ አብዱረዛቅ ጉዳዩ እንደገና ተበላሸ ብለው ሊነሡ ሲሉ እትዬ መዓዛ ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው፤ እሳቸው ገብቷቸዋል። ይህ ጠብ አልነበረም። ምግብ ቤት ውስጥ ሂሳብ ሲመጣ ሁለት ሰው እኔ ልክፈል ብሎ የሚታገለው ትግል ነው። እኔም እንደዚያ ሲሆን ከአፌ የሚወጣው ወጣ።

"በሞቴ፣ ደቡብ!"

ደራርቱ ቃል በቃል ተረጎመችው። ሚስተር ኦክስቶቢ ወረንጦውን አስቀምጦ አሞሻል ወይ አለኝ። ጋሼ ካሳሁን አስረዱት፤ አንድ ሰው በሞቴ ካለ የገዛ ሞቱን መያዣ አድርጎ ለምኗል ማለት ነው፤ የተለመነው እምቢ አይልም፤ እምቢ ካለ ሞቱን እንደፈቀደ ይቆጠራል። ሰውዬው ይህን ረጋ ብሎ አሰበበት። ደራርቱን ቃሉን ሁለቴ አስባላት፣ በከንፈሩ ተለማመደው።

"ልጅቷ ወጣት ናት" አለ። "የእሷ ሞት ሩቅ ነው። የእኔ ቅርብ ነው፤ ስለዚህ ይከብዳል። በሞቴ፣ ሰሜን።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ክርክር በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። ጋሼ አብዱረዛቅ የቀረበው ያሸንፋል ብለው ፈረዱ። ጋሼ ካሳሁንም መሃሉ ቀርቷል፣ ዕርቅ ማለት ይሄ ነው ብለው የራሳቸውን ቃል ራሳቸው አነሡ። ሚስተር ኦክስቶቢ ችካሉን በሰሜኑ ዳር፣ እኔ ባልኩት ቦታ፣ አንድ ጠብታ ሙጫ አስነክቶ ተከለው። ምርቃት ወረደ፤ ወደብ አያሳጣችሁ፣ የገባው መርከባችሁ በደህና ይውጣ፣ የወጣው በደህና ይግባ። ከሃል በኩል አሜን የሚል ድምፅ ተሰማ።

እንግዲህ አሸነፍኩ። ችካሌ ቦታው ላይ ነው፣ ስሜ ከሥሩ ተጽፏል፣ ብሎኩ ተነሥቷል። ሦስቱን ገጽ ግን ማንም አላነበበውም። ችካሉ ለምን ሰሜን ላይ እንደቆመ ለማኅበሩ ላስረዳ ስል ሚስተር ኦክስቶቢ፣ ውድ ወዳጃችን ሰሎሜ፣ ማስረዳት አያስፈልግሽም፣ ያንቺ ነው ብሎ መለሰልኝ። ውድ ወዳጃችን! ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ብጽፍ የሚመጣልኝ ምስጋና ሆነ። ሆን ብዬ የተሳሳተ ነገር ለጠፍኩ፤ የልብ ምልክት አደረጉልኝ። ዶኩን የቆፈሩት መነኮሳት ናቸው ብዬ ጻፍኩ። ሚስተር ኦክስቶቢ "የሚያስደስት አስተያየት ነው" አለ። ያን ዕለት አለቀስኩ። ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ ልጅ ማለቱ እኮ ነው።

ምክንያቱን ቆይቼ ሰማሁ። ጋሼ ካሳሁን በየእሑዱ ኮል ያደርጉለታል። እንግሊዝኛቸው የቫን እንግሊዝኛ ነው፣ እሱም አማርኛ አይችልም፣ ግን ይገባባሉ፤ ልጅቷ ሰላም ናት ወይ ይሉታል፣ ሰላም ናት ይላል። ሰውዬው በሽማግሌ ፊት ታርቋል። ሚስቱን ያለቀሱለትን ሰዎች ቃል አይረግጥም። እንግዲህ በዓለም ላይ ከእኔ ጋር የሚከራከር አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱንም አስታርቀው ወሰዱብኝ።

የሞዴሉን ፎቶ በስልኬ አስፍቼ አንድ እሑድ ከሰዓት ሙሉ አየሁት። በምዕራቡ ጫፍ ጭነት የሚያወርድ ክሬን ተክሏል፤ የብረት ክሬን። ዓሣ ነባሪ አዳኞቹ በነበሩበት ዘመን እንዲህ ያለ ክሬን እዚያ ሊኖር አይችልም፤ እንጨት ነው መሆን ያለበት። በማኅበሩ ገጽ ላይ አልለጠፍኩትም፤ ለብቻው ላክሁለት። "ክሬንዎ ሕፃን የሠራው መጫወቻ ነው" አልኩት፤ ምክንያቱንም ዘረዘርኩ፤ በጨዋነት የጻፍኩት አንድም መስመር የለበትም።

አንድ ቀን ዝም አለ። ሁለተኛውንም ቀን ዝም አለ። እኔም ይኸው ለእድሩ ሊከሰኝ ነው ብዬ ከእትዬ መዓዛ እየሸሸሁ በጓሮ በር እገባ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከሺፍት ስወጣ መልሱ ስልኬ ላይ ነበር፤ በጣቴ ብገፋው ብገፋው የማያልቅ። "ይህ ከንቱ ነው" ይላል መጀመሪያው መስመር። "አንቺ ስለ ክሬን ምንም አታውቂም፤ ምክንያቱም" ብሎ ይቀጥላል። ከታች ደግሞ ይህ ጽሑፍ በምንም ዓይነት ለሚስተር ካሳሁን እንዳይነገር፣ እሑድ ሲደውሉ ሰላም ነን እንድንላቸው ለምኖኛል።

ባስ ማቆሚያው ወንበር ላይ በረዶውን በእጄ ጠርጌ ተቀመጥኩ። "ውድ ሚስተር ኦክስቶቢ" ብዬ ጀመርኩና ውድ የሚለውን አጠፋሁት።